ባለሙያው እንዴት እንዳወቀ የማይጠይቅ ሕግ

የወንጀል ሕጋችን የሙያ ምስክርን በቀጥታ ከሚያነሳባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ አንቀጽ 453 ነው። አንቀጹ በሐሰት የሚመሰክርን ሰው ይቀጣል፤ ከምስክሩ ጋርም እያወቀ የሐሰት አስተያየት የሚሰጥ ባለሙያንና አዛብቶ የሚተረጉም አስተርጓሚን አብሮ ይይዛል። በሐዋሳ ፍርድ ቤቶች በጥብቅና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት በዚህ አንቀጽ የተከሰሰ ባለሙያ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ይህም አያስገርመኝም። ችሎት ፊት ከቆሙት ሐኪሞችና የፎረንሲክ መርማሪዎች መካከል ሆን ብሎ ዋሽቷል ብዬ የምጠረጥረው ሰው የለም። ደጋግሜ ያየሁት ግን ባለሙያው ሙያው ከሚፈቅድለት በላይ እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር፣ አንዳንዴም ሳይወድ በግድ እንዲህ እንዲናገር ሲደረግ ነው። ለዚህኛው ጥፋት ሕጉ ስም እንኳ አላወጣለትም።

ስለ ፎረንሲክ አሠራር መሻሻል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ መሣሪያ ይሄዳል። የዲኤንኤ ማሽን ይገዛ፣ ላቦራቶሪ ይገንባ፣ ባለሙያ ውጭ ሄዶ ይሠልጥን ይባላል። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል፤ የሚቃወመው ሰው ያለም አይመስለኝም። ይሁን እንጂ አሁን ያለው ሕግ ባለበት ቢቀር፣ ውዱ ማሽን የሚያወጣውም ውጤት ልክ እንደ ዛሬው በአንድ መስመር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ማንም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ወደ መዝገብ የሚገባ ይሆናል። በእኔ እምነት የሕግ ማሻሻያው መነሻ ባለሙያው ያገኘውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘውና እስከ ምን ድረስ እርግጠኛ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳይ ማስገደድ ነው።

እስካሁን የምንሠራበት የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ባገኘው ጊዜ የተመዘገበ ሐኪም ምርመራ አድርጎ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ለመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ የደም ምርመራንም ይጨምራል። ምስክሮችና የሙያ ምስክሮች ስለሚጠሩበትና ስለሚጠየቁበት ሁኔታም እዚህም እዚያም የተበተኑ ድንጋጌዎች አሉ። ነገር ግን ባለሙያ የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ሪፖርቱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ የተጠቀመበት ዘዴ በምን እንደሚመዘን፣ ተከሳሹም ምርመራው በሌላ ሰው እንዲደገምለት መቼ መጠየቅ እንደሚችል የሚናገር ነገር በሕጉ ውስጥ አይገኝም። ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግም የለንም፤ በንጉሡ ዘመን የተዘጋጀው ረቂቅ የማስረጃ ሕግ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ዳኛው ክፍተቱን የሚሞላው በልምድ ነው፤ የእኛም አገር ልምድ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማመን ነው።

ጉዳቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ በዕድሜ ምርመራ ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከወንጀል ኃላፊነት ውጭ ያደርጋል፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ላለው የተለየ እርምጃ ያበጃል፤ ከአሥራ አምስት በላይ ሆኖ አሥራ ስምንት ላልሞላው ቅጣት የሚቀልበትን መንገድ ይከፍታል፤ ድርጊቱ ሲፈጸም አሥራ ስምንት ዓመት ባልሞላው ሰው ላይም የሞት ቅጣት አይፈቅድም። በተጎጂ ወገን ስንመጣ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ያስደነግጣል። ዕድሜዋ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት በአንቀጽ 626 መሠረት ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመት ካልሞላት ግን በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። እንግዲህ አንድ ሐኪም በሚጽፈው የአንድ ዓመት ልዩነት የቅጣቱ መነሻ በአሥር ዓመት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል ማለት ነው።

የልደት የምስክር ወረቀት ቢኖር ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው፤ ዛሬ በአሥራ አምስትና በአሥራ ስምንት ዓመት መካከል ያሉት ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ የእጅ አንጓው ራጅ ይነሣል፤ የአጥንቱ እድገት ከመደበኛ የሥዕል ማነጻጸሪያ ጋር ይስተያያል። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ማነጻጸሪያ የተዘጋጀው በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ራጅ ከተነሡ፣ ኑሯቸው የተደላደለ ነጭ ልጆች ነው። የተዘጋጀውም ሐኪሞች የልጆችን የእድገት መዘግየት እንዲከታተሉበት እንጂ ፍርድ ቤት የልደት ቀን እንዲያወጣበት አልነበረም። በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ የአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ መዛባት የተለመደ ነው፤ የአንጓው አጥንት እድገቱን ጨርሶ ከተገኘ ደግሞ ፊልሙ ልጁ ከአሥራ ስምንት በላይ መሆኑን በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። በአውሮፓ የዘርፉ ባለሙያዎች ጥርስንና የአንገት ሥር አጥንትን ጨምረው እንዲታይ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬ አንድ መዝገብ ልጥቀስ። በውንብድና የተከሰሰ ልጅ ነበር። የሕክምና ማስረጃው «ዕድሜ፦ 18» ይላል፤ ከዚህ ሌላ በወረቀቱ ላይ ያለው የሐኪሙ ፊርማ፣ ቀኑና ክብ ማኅተሙ ብቻ ነው። እናትየው ቢሮዬ መጥተው «ልጄ፣ እኔ የምለውን ስማኝ፤ ይህን ልጅ የተገላገልኩት በሚሊኒየሙ ዓመት በፊቼ ነው። ሰው ጨምበላላ ሲል እኔ አራስ ቤት ነበርኩ» አሉኝ፤ ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ነው። በእሳቸው ቆጠራ ልጁ ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን አሥራ ሰባት ዓመት ከጥቂት ቀናት ነበር። ዐቃቤ ሕግ ወረቀቱን ይዞ ቆመ፤ እኔም ሐኪሙ ይጠራልኝ አልኩ። ዕድል ሆኖ ሐኪሙ ገና ከከተማዋ አልተዛወረም ነበርና ቀረበ። ዳኛዋ ቁጥሩን እንዴት እንዳገኘው ሲጠይቁት ሳያቅማማ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ግምቴ ከአሥራ ሰባት እስከ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ መካከለኛውን ጻፍኩ።» ጥርጣሬው ለልጁ ሆነለት። ሐኪሙ ያልተጠራባቸው፣ ወይም ተጠርቶ «አድራሻው አልታወቀም» የተባለባቸው መዝገቦች ግን ቁጥራቸው ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ እነዚያ የተወሰኑት በመካከለኛው ቁጥር ነው።

ሐኪሙ አልዋሸም። ሐሰት የሆነው ቅጹ ነው፤ ሕጉም የቅጹን ባዶነት አይቶ ዝም ያለ ነው። ሕጉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ብቻ ቢገባ፣ ማለትም ማንኛውም የባለሙያ ሪፖርት የምርመራውን ዘዴ፣ የስሕተቱን ወሰን፣ ምርመራውን በእጁ የሠራውን ሰው ስምና የሙያ ደረጃ፣ ለምርመራው የቀረበለትን ነገር፣ መናገር የማይችለውንም ጭምር መግለጽ አለበት የሚል፣ ይህም ካልተሟላ ሪፖርቱ በማስረጃነት አይያዝም የሚል አንቀጽ ቢኖር፣ በዚያ መዝገብ ላይ ማንም መጥሪያ ይዞ መንከራተት ባላስፈለገው ነበር።

የዚህ ሐሳብ ዘር ከራሳችን ሕግ ውስጥ እንደማይጠፋ ማስታወስ ይገባል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 የተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታ ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲቀበል ያዝዛል። አስተያየቱ የተከሳሹን ሁኔታ፣ ያ ሁኔታ በማመዛዘንና ፈቃድን በመግዛት ችሎታው ላይ ያስከተለውን ውጤት እንዲገልጽ ይጠይቃል። ቀጥሎም ፍርድ ቤቱ የሚገደደው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ እንደሆነ፣ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ በሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ከዚህ የተሻለ መርሕ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የሚያሳዝነው ይህ ጥንቃቄ ለአእምሮ ሐኪሙ ብቻ መደንገጉ ነው፤ የዕድሜ መርማሪው፣ የአሻራ መርማሪው፣ የአስከሬን መርማሪው፣ የጽሑፍ መርማሪው ከሱ ውጭ ቀርተዋል።

የጽሑፍ ምርመራውን በአጭሩ ላንሳ፤ በፍትሐ ብሔር ችሎት የማይውልበት ሳምንት የለምና። አንዱ ወገን «ፊርማው የእኔ አይደለም» ሲል ፍርድ ቤቱ ሰነዱ በፎረንሲክ እንዲጣራ ያዝዛል። ባለጉዳዩ ሬጅስትራር ፊት ወረቀት ተሰጥቶት ናሙና ፊርማ ይፈርማል፤ ባንክና ቀበሌ ያሉ የቀድሞ ፊርማዎቹም ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም ታሽጎ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ መዝገቡም ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይሸጋገራል። በዓመት ሁለቴ እንኳ የማይፈርሙ አዛውንት የሬጅስትራሩ ዓይን ሥር እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሲፈርሙ አይቻለሁ፤ ያ ናሙና ምን ያህል የእሳቸውን የዕለት ተዕለት እጅ እንደሚያሳይ መርማሪው አያውቅም፣ ማንም አይነግረውምና። የሚመለሰው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊርማው «ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ነው። ስንት ነጥብ ተመሳሰለ፣ የቱ ተለየ፣ ናሙናውስ በቂ ነበር ወይ ለሚለው ቦታ የለውም። በዚያ ደብዳቤ ቤት ይሄዳል፣ መሬት ይሄዳል።

ባለሙያው ከሚያውቀው በላይ መናገሩ የሚጎዳው ተከሳሹን ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም። በአስገድዶ መድፈር መዝገቦች ውስጥ ስለ ድንግልና የሚጽፉ የሕክምና ማስረጃዎች አሉ፤ «የቆየ መቀደድ» የሚል አንድ ሐረግ ልጅቷ የተናገረችውን ሁሉ ለማጣጣል መስቀለኛ ጥያቄ ሲሆን ሰምቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ሁለት የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ባወጣው መግለጫ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቀር ጠይቋል፤ በምርመራ አንዲት ሴት ግንኙነት ፈጽማ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ብዙ ነው፤ ዳኛውና ጠበቃው ግን ከአያቶቻቸው የወረሱትን እምነት በሕክምና ማኅተም ተረጋግጦ ያገኙታል። እዚህ ላይ ሕጉ ባለሙያውን ስለ ዘዴው ከመጠየቅ አልፎ መሠረት የሌለውን ጥያቄ እንዳይመልስ መከልከል፣ ፖሊስም እንዲህ ያለውን ጥያቄ በደብዳቤው ላይ እንዳይጽፍ ማድረግ ይኖርበታል።

ችግሩ የላቦራቶሪ እጥረት ብቻ ነው ለሚሉ የባሕር ማዶ ታሪክ መልስ ይሰጣል። ሳሊ ክላርክ የምትባል እንግሊዛዊት የሕግ ባለሙያ ሁለት ጨቅላ ልጆቿን ገድላለች ተብላ እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈረደባት። የታወቁት የሕፃናት ሐኪም ሮይ ሜዶው በዚያ ዓይነት ቤተሰብ ሁለት ሕፃናት በድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብለው መስክረው ነበር። ቁጥሩ የተገኘው ሁለቱ ሞቶች ፈጽሞ የማይገናኙ ይመስል አንዱን በሌላው በማባዛት ነው፤ የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ማኅበርም ስሌቱ መሠረት የለውም ብሎ ተቃወመ። ሴትዮዋ በ2003 ነጻ ወጣች። ሐኪሙ በሕፃናት ሕክምና አንቱ የተባሉ ነበሩ፤ የተናገሩት ግን በሌላ ሙያ ነው፤ የሙያውን ድንበር የሚያሳያቸውም አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ የሙያ ባልደረባዬ ታሪክ ነው። ብራንደን ሜይፊልድ በአሜሪካ ኦሪገን ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት ጋር በተያያዘ ኤፍ.ቢ.አይ. የጣት አሻራው ተገጣጥሟል ብሎ አሰረው፤ ቆይቶ የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አረጋገጠና ኤፍ.ቢ.አይ. ይቅርታ ጠየቀ። አሻራውን ያመሳከሩት የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች ሦስት ነበሩ፤ ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያ ሳይቀር አብሯቸው ተስማምቷል። ኋላ የመጡት ፊተኛው የደረሰበትን ድምዳሜ እያወቁ ነው የመረመሩት። ለእኛ ሕግ አርቃቂዎች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በጣም ተግባራዊ ነው፦ ሁለተኛ ምርመራ እንዲደረግ መፍቀዱ ብቻውን አይበቃም፣ ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን መልስ ሳያይ መመርመር አለበት፤ የፖሊስ ደብዳቤም ተጠርጣሪው አምኗል ወይስ ክዷል የሚለውን ለላቦራቶሪው መንገር የለበትም።

እንግሊዞች ከደረሰባቸው ውርደት በኋላ ብዙ ነገር አድርገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የፎረንሲክ ሥራን ለሚቆጣጠር ባለሥልጣን በሕግ ሥልጣን ሰጥተዋል። ለእኛ ከዚያ ይልቅ የሚቀርበን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንባቸው ነው። በደንቡ መሠረት የባለሙያው ግዴታ ለፍርድ ቤቱ እንጂ ለቀጠረው ወይም ለከፈለው ወገን አይደለም፤ ባለሙያዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የተለያየ አስተያየት ካላቸው ልዩነቱን ጠቅሶ የራሱን ምርጫ በምክንያት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማቋቋም በጀት፣ ሕንፃና ሠራተኛ ይጠይቃል። ይህን ዓይነት ደንብ ማውጣት የሚጠይቀው ወረቀትና ፈቃደኝነት ነው፤ ስለዚህ ቅድሚያው ለደንቡ ነው እላለሁ።

የገለልተኝነት ጉዳይ ከዚህ ከበድ ይላል። በእኛ አገር የአሻራ፣ የጽሑፍና የጦር መሣሪያ መርማሪዎች የፖሊስ አባላት ናቸው፤ ማዕረጋቸውም እድገታቸውም የሚወሰነው ወንጀሉን በሚመረምረው ተቋም ውስጥ ነው። ጨዋነታቸውን አልጠራጠርም፤ ግን በዚህ አቀማመጥ «ውጤቱ ምንም አያሳይም» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ማንም መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ላቦራቶሪዎች ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ አስተዳደር እንዲወጡ መክሯል፤ የሂውስተን ከተማም በ2014 ይህንኑ አድርጋለች። እኛ ዘንድ ነገ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። እስከዚያው ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት፣ ምስክሮችን የመጠየቅና መከላከያ ማስረጃ የማቅረብ መብት ሰጥቶታልና፣ ይህ መብት የመርማሪውን የሥራ ማስታወሻ፣ ፎቶግራፉንና ፊልሙን እንደሚጨምር በግልጽ መደንገግ ይቻላል። ፍርድ ቤቶችም የዩኒቨርሲቲ መምህራንንና ከፖሊስ ውጭ ያሉ ሐኪሞችን መዝግበው፣ አቅም ለሌለው ተከሳሽ ከፍርድ ቤት በጀት እየከፈሉ እንዲጠሩ ማድረግ ይቻላል። ተከላካይ ጠበቃ የራሱን ባለሙያ የሚጠይቅበት ሳንቲም በሌለበት አገር መስቀለኛ ጥያቄ የመጠየቅ መብት ግማሹ በወረቀት የቀረ ነው።

የሐኪሞቹንም ወገን ሰምቻለሁ፤ ቅሬታቸው እውነት ነው። የሌሊት ተረኛ የሆነ ወጣት ሐኪም ሃምሳ በሽተኛ እየጠበቀው ፖሊስ ያመጣውን ቁስለኛ ያያል፣ ቁስሉን ይሰፋል፣ ቅጹን ይሞላል፤ በዚያች ቅጽበት የሙያ ምስክር መሆኑን የነገረው የለም። ከዓመት በኋላ በሌላ ክልል ሳለ መጥሪያ ይደርሰዋል፤ መጥቶ አግዳሚ ላይ ሲጠብቅ ይውልና ተከሳሹ ስላልቀረበ ቀጠሮው ይዛወራል። ካልመጣ ደግሞ ታስሮ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ይጻፍበታል። እንዲህ ባለ አሠራር ላይ አዲስ ቅጣት ብንጨምር ሐኪሞች ምንም የማይናገር ሪፖርት መጻፍን ይማራሉ። የውሎ አበላቸው ይከፈል፣ በቪዲዮ መመስከር ይፈቀድላቸው፣ የቀጠሮ ሰዓታቸው ይከበር፤ ከዚያ በኋላ ሪፖርቱን በዝርዝር ጻፉ ማለት ያምርብናል። ዝርዝር ሪፖርት ራሱ ብዙውን መጥሪያ ያስቀራል።

የቀረው በስሕተት ለተፈረደበት ሰው የሚሆነው ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 6 መሠረት ከፍርድ በኋላ እንደ ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም ጉቦ ያለ አዲስ ነገር የተገኘ እንደሆነ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ በር አላበጀም፤ ይግባኙና ሰበሩ ካለቀ ለእስረኛው የሚቀረው ይቅርታ ነው፤ ይቅርታ ደግሞ ጥፋተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ነው። ቤቱን በሐሰተኛ ፊርማ የተነጠቀ ሰው ወደ ችሎት የሚመለስበት መንገድ ሲኖረው በተሳሳተ ምርመራ ነጻነቱን የተነጠቀው የለውም ማለት ነው። የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርዱ የቆመበት ሳይንስ ከተለወጠ ወይም ከተስተባበለ ፍርደኛው አቤት የሚልበትን ሕግ አውጥታለች፤ በፍርድ ጽኑነቷ የምትታወቅ ግዛት ይህን ካደረገች እኛ የምንፈራበት ምክንያት አይታየኝም። ለዓመታት ሲረቀቅ በቆየው የወንጀል ሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ ውስጥ ይህ በር በግልጽ መከፈት አለበት። በሩ ሥራ ላይ እንዲውል ደግሞ የራጅ ፊልም፣ የደም ናሙና፣ የአሻራ ፎቶግራፍና የመርማሪው ማስታወሻ ቢያንስ ፍርደኛው ቅጣቱን እስኪጨርስ ድረስ በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ ተጠብቀው እንደሚቆዩ ሕጉ መናገር ይኖርበታል፤ ዛሬ ፊልሙ ለቤተሰብ ይሰጣል፣ ማስታወሻውም ከመርማሪው ዝውውር ጋር ይጠፋል።